የመታጠቢያው ቁመት

ይህ መሬት ባሕር ነበረ፤ አባቴ መረብ የጣለበት፣
ውሃውን መጥጠው ጨርሰው፣ በግድብ አጥረው ያስቀሩት።
ዛሬም ጉድጓድ ስምስ፣ ለአጥር ቋሚ፣ ለበር መቃን፣
ካካፋዬ አፍ ይረግፋል የዛጎል ስባሪ፣ ብትንትን።

ቲያሊንግ ይሉኛል። የማዘጋጃ ቤት አናጢ ነኝ፤
እርሳስ ከጆሮዬ ጀርባ፣ ሜትር ከኪሴ የማይለየኝ።

የዛሬ አርባ አምስት ዓመት፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣
ጎጆ ወጪው ሁሉ ጎረፈ፣ ሸሽቶ ያምስተርዳምን ጭንቅንቅ፤
አንድ ሰሞን የተዘራ፣ አንድ ሰሞን የበቀለ፣
ከብስክሌቱ ፊት አንድ ሕፃን፣ ከኋላው ሌላ ያዘለ።
ሽበት ብርቅ ነበር ያኔ። ምርኩዝ ይዞ የታየ የለ፤
መሐንዲሱ በፕላኑ ላይ መቃብርን ጨርሶ ዘለለ።
የሂልቼ አባት ሊጠይቃት መጥቶ፣ ቢያርፍብን በድንገት፣
ድልድይ ተሻግረን ቀበርነው፣ በሰው ቀበሌ፣ በሰው መሬት።

ያኔ ነው ትምህርት ቤቱን የሠራነው፤ የጡብ፣ ባለ ስምንት ክፍል።
«ሃምሳ አምስት ሳንቲ ሜትር» አሉኝ፣ «መታጠቢያው ከወለል።»
ተንበርክኬ ነበር የገጠምኩት፤ ጉልበቴ ያን ጊዜ ጉልበት፤
ለእኔ ጭኔ ጋ ነው የሚደርስ፣ ለእነሱ ልክ ከእንብርት።
መምህርቷ ኢንድራዋቲ፣ ከሱሪናም የመጣች፣
«ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው፤ ፍሩክዬ አትደርስም» አለች።
ዝቅ አደረግሁ። በስሚንቶ አጣበቅሁ። ለዘላለም መስሎኝ።

ከዚያ ክፍሉ ጠበበ፤ ግቢው በቆርቆሮ ቤት ታጨቀ።
ከዚያ ድምፃቸው ጎረነነ፤ የጫማቸው ቁጥር ላቀ።
ከዚያ ሄዱ። ሻንጣ በጀርባ፤ ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለፍቅር።
ወላጅ ግን ካለበት ቀረ፤ አለበት የባንክ ብድር።

ሬይንደርት፣ ቆጠራ ክፍል ያለው፣ ወረቀት ዘርግቶ አሳየኝ፤
ዕድሜያችን እንደ ጣውላ ተደርድሮ። «ይኼውልህ» አለኝ።
መሃሉ ላይ አንድ እብጠት፤ የእኛው አንጓ፣ የእኛው ትውልድ፣
ባምስት ዓመት አንድ እርከን፣ እየዳኸ ወደ ላይ የሚሄድ።
የጣውላ አንጓ ቦታ አይለቅም፤ ስንቱን በመላጊያ አይቻለሁ።
ይኼኛው ግን ይንቀሳቀሳል።
እኔም ውስጡ አለሁ።

ባለፈው ጥር ጠሩኝ። ያው ሕንፃ፣ ያው በር፣ ያው ኮሪደር፤
አሁን የአረጋውያን መዋያ ነው፤ ስሙ ብቻ የሚቀየር።
«ከፍ አድርገው» አሉኝ፣ «መታጠቢያውን፤ የሚያጎነብስ ወገብ የለም፤
መያዣ ብረት ግድግዳው ላይ፤ ደፍ አይኑር በየትኛውም።»
ስሚንቶውን በመሮ ስፈነቅል፣ ግማሽ ቀን አቧራ ሆኜ፣
ሸክላው ተሰነጠቀብኝ። ተሳደብኩ፣ የዚያን ጎረምሳ እጅ ኮንኜ።

ከመስኮቱ ሥር ካለ ወንበር አንዲት አሮጊት ሳቀች።
ኢንድራዋቲ ናት። ፀጉሯ ጥጥ። «ሁለት ጣት ከፍ» አለች።
ስሜን ረስታዋለች። ልኩን አልረሳችም።

ከቦዩ ማዶ ክሬን ቆሟል፤ ሦስት ሺህ ቤት በአንድ ዓመት፤
ከፖላንድ፣ ከሶርያ፣ ከዚሁ ከእኛው ልጆችም ጥቂት፤
የፍሩክዬ ልጅ እንኳ እዚያ ናት፤ መንታ አርግዛለች አሉ።
የሕፃን ጋሪ ተሰልፏል፤ ቀለም ይሸታል በሙሉ።
ሽበት እዚያም ብርቅ ነው።
ትናንት የመሐንዲሱን ወረቀት አየሁት፤
ሃምሳ አምስት ሳንቲ ሜትር።

ስድስት ወር ቀረኝ ለጡረታ። ልጁን ጠርቼ አንድ ነገር አልኩት፦
«በስሚንቶ አታጣብቀው፤ በብሎን ብቻ እሰረው፤
ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ተው፣ ከታች እስከ ላይ በየሁለት ጣቱ፤
መፍቻውንም ቧንቧው ሥር አንጠልጥለው፣
የሚፈልግ ሰው በቀላሉ እንዲያገኘው።»

«ማን ይፈልገዋል?» ብሎ ሳቀ።
ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።